«በቤተሰብ አለ?»፦ የርስት ሐረግ፣ የሆስፒታል ካርድና በዘር የሚወረስ ካንሰር

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሰው ዘመዶቹን ቁጠር የሚባልባቸው ሁለት ተቋማት አሉ። አንዱ ፍርድ ቤት ነው። ውርስ የሚጠይቅ ሰው ሟቹ ከማን እንደተወለደ፣ ስንት ወንድምና እኅት እንደነበሩት፣ ከእነሱ ቀድሞ የሞተ ካለም ልጅ መተካት አለመተካቱን በምስክር ያስረዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሽ ሲፈልግ ከልጆች ተነሥቶ ወደ ወላጆች፣ ከዚያ ወደ አያቶች፣ ባይገኝ እስከ ቅድመ አያቶች ይወጣል፤ በአባትም በእናትም ወገን። ንብረቱ ለመንግሥት የሚገባው ይህ ሁሉ ተፈልጎ ሰው ሲጠፋ ነው። ሁለተኛው ተቋም ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረበትና የአገሪቱን የካንሰር ታማሚ ለረጅም ዘመን ብቻውን የተሸከመው። በአገራችን የሕክምና ካርዶችና የካንሰር ጥናት መጠይቆች ላይ ግን የዘመድ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት መስመር ናት፦ «በቤተሰብ ካንሰር የያዘው ሰው አለ?» መልሱም «አለ» ወይም «የለም» ነው።

ለቤትና ለቦታ ቅድመ አያት የሚያስቆጥር አገር ለጡት ነቀርሳ በአንዲት መስመር መርካቱ የጊዜ ማጣት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ከበስተኋላው አንድ ግምት አለ፦ በኢትዮጵያ በዘር የሚወረስ ካንሰር እምብዛም ነው የሚል። ይህ መጣጥፍ ግምቱን ይሞግታል። የተደገፈባቸውን ማስረጃዎች ይመረምራል፤ የሕክምና ጸሐፊዎቻችን ሲጠቅሱት አይቼ የማላውቀውን አንድ መጽሐፍም ለምስክርነት ያቀርባል።

መነሻው ሳይንስ ላይ ክርክር ስለሌለኝ አሳጥራለሁ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1866 በሚስቱ ቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ የተደጋገመውን የጡት ካንሰር በዝርዝር አወጣ። ሜሪ ክሌር ኪንግ በ1990 ለዚህ ተጠያቂ የሆነ ዘረመል በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። ቢአርሲኤ 1 በ1994፣ ቢአርሲኤ 2 በ1995 ተለይተው ታወቁ። በ2017 በታተመ ሰፊ የክትትል ጥናት መሠረት በመጀመሪያው ዘረመል ላይ ጎጂ ለውጥ ይዛ የተወለደች ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 72 በመቶ፣ በሁለተኛው ላይ ከሆነ 69 በመቶ ነው፤ የእንቁላል እጢ ወይም የኦቫሪ ካንሰር ደግሞ 44 እና 17 በመቶ። ለውጡ ከአባትም ከእናትም እኩል ይወረሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

የአገር ውስጡን ማስረጃ ስናይ፣ የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 በጥቁር አንበሳ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውጤት ከተመዘገቡት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን፣ በሴቶቹም ዘንድ የጡት ካንሰር ሲሶ ገደማውን ይዞ እንደሚመራ አሳይቷል። ኢቫ ካንተልሃርት ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 ያሳተሙት ጥናት በሆስፒታሉ የጨረር ማዕከል የታከሙ 1,070 ሴቶችን ይዟል። መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 ዓመት ነበር። የበሽታው ደረጃ ከታወቀላቸው 71 በመቶው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበሩ። በአሜሪካ የጡት ካንሰር ታማሚዎች መካከለኛ ዕድሜ ከ60 በላይ ነው።

ለዚህ የዕድሜ ልዩነት የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ የሕዝባችን ወጣትነት ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ወጣት በሆነበት አገር ታማሚውም ወጣት ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት። የሕዝብ የዕድሜ ስብጥር የታማሚዎችን መካከለኛ ዕድሜ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከእነዚያ ወጣት ታማሚዎች ስንቶቹ ሕመሙን እንደወረሱት አይናገርም። በ32 ዓመቷ የታመመች ሴት የታመመችው አገሯ ወጣት ስለሆነች አይደለም። በሌላ አገር ቢሆን ዕድሜዋ ብቻውን ለዘረመል ምርመራ ያበቃታል።

ዋናው ክርክሬ ግን ከሌላ ጽሑፍ ጋር ነው። ኤቭሊን ጂያጌ፣ ሊሳ ኒውማንና ባልደረቦቻቸው በ2016 በአናልስ ኦቭ ሰርጂካል ኦንኮሎጂ መጽሔት የጋናን፣ የኢትዮጵያን፣ የጥቁር አሜሪካውያንንና የነጭ አሜሪካውያንን የጡት ካንሰር አነጻጽረዋል። ያተኮሩት የኢስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና የኸር 2 ምልክት በሌለው፣ ሐኪሞች ትሪፕል ኔጋቲቭ በሚሉት ዓይነት ላይ ነው። በጋናውያን ዘንድ ከግማሽ በላይ፣ በጥቁር አሜሪካውያን 30 በመቶ ገደማ፣ በነጭ አሜሪካውያንና በኢትዮጵያውያን ደግሞ እኩል ለእኩል 15 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊዎቹ ከዚህ ተነሥተው ይህ ዓይነት ካንሰር በተለይ ከምዕራብ አፍሪካ ዘር ግንድ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመለከቱ። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰዱ ሰዎችን የልጅ ልጆች ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ አልከራከረውም። የምከራከረው አዲስ አበባ ሲደርስ ከሚሰጠው ንባብ ጋር ነው። በሴሚናርም በሻይ ዕረፍትም የሚሰማው ንባብ ይህ ነው፦ የከፋው የሚወረሰው የእነሱ ነው፣ የእኛ የተለየ ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን አላሉም። ነገር ግን ጽሑፋቸው ውስጥ ዘር ማለት አህጉር ነው፤ ቤተሰብ የለበትም። ስለዚህ ለዚህ ንባብ በሩን ክፍት ትቶታል ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያው ናሙና ትንሽ መሆኑን ሳላነሣ አላልፍም፤ ግን ናሙናው በእጥፍ ቢያድግም ክርክሬ አይለወጥም። ስሕተቱ ከዕጢው መልክ ወደ ውርስ መዝለሉ ላይ ነውና። ቢአርሲኤ 1 የሚያመጣቸው የጡት ዕጢዎች በብዛት ትሪፕል ኔጋቲቭ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ዓለም አቀፍ ትንተና 69 በመቶ ያህሉ። በቢአርሲኤ 2 የሚመጡት ግን 16 በመቶ ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ የኢስትሮጅን ምልክት አላቸው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ካልተወረሰው ካንሰር እምብዛም አይለዩም። እንግዲህ ውርሱ ወደ ቢአርሲኤ 2 ያዘነበለበት አንድ አገር እንዳለ እናስብ። ትሪፕል ኔጋቲቩ ጥቂት፣ የኢስትሮጅን ምልክት ያለው ብዙ፣ ታማሚዎቹም በዕድሜ ለጋ ይሆናሉ። የካንተልሃርት ቡድን በ2014 በሌላ ጽሑፉ የኢስትሮጅን ምልክታቸው ከተለካ 352 ኢትዮጵያውያት 65 በመቶው ምልክቱ እንዳላቸው ዘግቧል። ሥዕሉ ያው ነው። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለች አገር ናት ማለቴ አይደለም፤ ያንን የሚናገረው ምርመራ ብቻ ነው። ማለቴ ይህ ቁጥር ውርስ የለም ለሚለውም ውርስ አለ ለሚለውም እኩል ይስማማል፤ ስለዚህ ለአንዱ ወገን ብቻ ምስክር ሆኖ ሊቆም አይገባም።

አህጉራዊ ዘር የቤተሰብን ውርስ እንደማይተነብይ ለማየት አይስላንድን መመልከት ይበቃል። ከሰሜን አውሮፓ የፈለሰ ሕዝብ ነው፤ በአህጉር ሚዛን ቢለካ ምንም የተለየ አይጠበቅበትም። ነገር ግን በቢአርሲኤ 2 ላይ ያለ አንድ ለውጥ ከጥንት ወላጆች ወርዶ ዛሬ ከሕዝቡ 0.7 በመቶ በሚጠጋው ውስጥ ይገኛል። ናይጄሪያ ደግሞ የገመተችው የለም፤ መረመረች። ጆርናል ኦቭ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ በ2018 ባወጣው ጥናት ከ1,136 ናይጄሪያውያት ታማሚዎች 14.7 በመቶው በጡት ካንሰር ዘረመሎች ላይ ጎጂ ለውጥ ተሸካሚ ሆነው ተገኙ። ከሰባት አንዷ ማለት ነው። ዩጋንዳና ካሜሩንም ተከትለዋል። በእኛ አገር ከአህጉር አማካይ የተነሣ ግምት የምርመራን ቦታ ሊይዝ አይችልም።

የግምቱ ሌላው ምሰሶ የጥናቶቻችን ሠንጠረዥ ነው፤ «የቤተሰብ ታሪክ» በሚለው ረድፍ ላይ «የለም» የሚለው ሲያመዝን ይታያል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ማን ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ነው። ካርዱ ታማሚዋን የሚያውቃት በስሟ፣ በአባቷና በአያቷ ስም ነው። ከእሷ በቀር ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም በአባት መስመር። እናትና ልጅ በስም አይገናኙም፤ አክስትና የእኅት ልጅም እንዲሁ። እናቲቱ ቀድማ፣ ልጂቱ ከዓመታት በኋላ በአንድ ሕንፃ ቢታከሙ ሁለቱን ካርዶች የሚያገናኝ ነገር የለም። ከዚህ የከፋው፣ ያ ስሙ የተጻፈው አያት እኅቶች ነበሩት፣ እናትም ነበረችው። ጎጂውን ለውጥ ጡቱ ሳይታመም ለልጁ፣ ልጁም ሳይታመም ለልጅ ልጁ አሳልፎ ሊሆን ይችላል። «በቤተሰብሽ አለ ወይ?» ስትባል ታማሚዋ የምታስበው እናቷንና እኅቶቿን ነው፤ የአባቷን አክስቶች ማንም አልጠየቃትም።

አይስላንዳውያንም እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ በአባት ስም ይጠራሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚቆጥረውን የካንሰር መዝገባቸውን ከትውልድ ሐረግ መዝገብ ጋር አገናኝተው ያንን አንድ ለውጥ በ1990ዎቹ ደረሱበት። ስለዚህ ችግሩ የስም አጠራር ሥርዓቱ አይደለም፤ ሐረጉ ከካርዱ ጋር አለመገናኘቱ ነው። የእነሱ ሐረግ በጽሑፍ ነበር፤ የእኛስ?

እዚህ ላይ ነው ከላይ የጠቀስኩት መጽሐፍ የሚገባው። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ባካሄዱት የመስክ ጥናት ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ አማራ የመሬት ይዞታ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የሚነበበው በታሪክና በመሬት ሕግ ሰዎች ነው። ይዘቱ ግን፣ ለእኔ ዓላማ ስናነበው፣ የሐረግ አቆጣጠር ጥናት ነው። የርስት መብት ከዋናው አባት ይነሣል፤ ከእሱ ወደ ባለመብቱ የሚወርደው መስመር በወንድ ቢያልፍ በሴት፣ ወይም እየተቀያየረ፣ መብቱ እኩል ነው። ገበሬው ርስት የሚጠይቀው በአባቱ አባት በኩል ብቻ አልነበረም፤ በእናቱ እናት አባት በኩልም፣ በአያቱ እኅት በኩልም ነበር። ሐረግ አዋቂ ሽማግሌዎች በአደባባይ ይመሰክራሉ፣ ተቃዋሚ ይሞግታቸዋል። የጄኔቲክስ መምህር ተማሪዎቹ ልብ እንዲሉለት የሚደክምበት ነገር፣ በሴትም በወንድም እኩል መውረድ፣ ለደጋ ዳሞት ሰው የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሻረ፤ ሐረጉን የሚያስቆጥረው አንዱ ምክንያት ከዚያ ወዲያ ቀረ። ሁለተኛው ግን ዛሬም አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የከለከለው የጎን ዘመድ ጋብቻ እኅትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ነው፤ ልማዱ በብዙ ክርስቲያን ቤተሰቦች ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ በሁለቱም ወገን። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱ ልጆች እናቶችና አባቶች እየተነሡ ይጣራሉ። ይህን ቆጠራ የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ አያቶችና ታላላቅ አክስቶች ናቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ ማንም የማይጠይቃቸው ሰዎች።

ልደታ አማራ ብቻ እንዳልሆነች አውቃለሁ። በጎሳ የሚቆጥሩ ቤተሰቦች ዘንድ የእናት ወገን ቶሎ ሊደበዝዝ ይችላል፤ የአጎትና የአክስት ልጆች የሚጋቡበት ማኅበረሰብም አለ። ጠያቂው ይህን አውቆ ይጠይቅ፤ ላለመጠየቅ ግን ሰበብ አይሆንም።

ሆበን ራሳቸው ሐረግ እንደ ጥቅም እንደሚጣመም ጽፈዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ጽፈዋል፤ ሰው መሬት ለማግኘት ቅድመ አያት ይበደራል። ግን በአክስት ዕጢ ጋሻ መሬት የሚያገኝ የለም። እዚህ ያለው ፈተና መደበቅ ነው፤ ሴት ልጅ ትዳር ይቀርባታል የሚል ፍርሃት። ለዚህ መድኃኒቱ ለብቻ መጠየቅና በዕድሜ የገፋች ሴትን መጠየቅ ነው። የሞት ምክንያት አይታወቅም የሚለው የበለጠ ክብደት አለው፤ ቢሆንም ያለማስረጃ አልቀረሁም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች የቀብር ክትትል ሲካሄድ ነበር፤ ተከባሽ አርአያና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ ዘመድ በቀብር ላይ የሚናገረው የሞት ምክንያት የኤድስን ሞት ለመከታተል እንደሚያገለግል አሳይተዋል። ኤድስን ያህል በዝምታ የታጠረ በሽታ በዘመድ አንደበት ከተለካ፣ ለዓይን የሚታይ የጡት ቁስል አይለካም ማለት ይከብዳል። «ጡቷ ቆስሎ ሞተች» የሚል ቃል ሦስት ትውልድ ይቆያል። «ሆዷ ተነፍቶ» የሚለው ግን ጉበትም፣ የእንቁላል እጢም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ያንን በቆጠራ ብቻ አንለየውም፣ ይቅር። አክስቶች ካንሰር ሳይደርስባቸው በወሊድ፣ በረሀብ፣ በጦርነት ሞተዋል የሚለውም እውነት ነው፤ መልሱ ቀላል ነው፦ በስንት ዓመቷ ሞተች ብሎ መጻፍ።

ከሁሉም የሚፈትነኝ ከራሳቸው ከኪንግ ወገን የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በእስራኤል በአሽኬናዚ አይሁድ ላይ ያሳተሙት ጥናት ለውጡ ከተገኘባቸው ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ለምርመራ የሚያበቃ የካንሰር ታሪክ እንዳልነበራቸው፣ ሴቶቻቸው ግን ያው ከፍተኛ አደጋ እንዳለባቸው አሳየ። ስለዚህ ኪንግ ቤተሰብ መቁጠሩን ትተን ሴቶችን ሁሉ በ30 ዓመታቸው ገደማ እንመርምር ይላሉ። ግን ታሪክ የጠፋው ለምን እንደሆነ ይታይ፤ ቤተሰቡ ትንሽ ስለሆነ፣ ለውጡም በወንዶች በኩል ስላለፈ ነው። የእኛ አያቶች ቤተሰብ ትንሽ አልነበረም። በ2016 እ.ኤ.አ. የሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ የአገሪቱ አማካይ ወሊድ በሴት 4.6 ልጅ ነበር። ስድስትና ሰባት እኅትማማቾች ባሉበት ሐረግ ላይ ለውጥ ካለ ይታያል። በአዲስ አበባ ግን በዚያው ጥናት ቁጥሩ 1.8 ነው። ዛሬ ልደታ ውስጥ የምትወለድ ልጅ አንድ አክስት ኖሯት ወይም ሳይኖራት ታድጋለች፤ የእሷ ሐረግ ዝም ይላል። የሚናገረው ሐረግ የእናቷና የአያቷ ነው፤ አያቶቹም እያለፉ ነው። በዚህ ላይ የልደታ ሰፈሮች ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ፈርሰው ነዋሪው ወደ ጀሞና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ሲበተን ዘመዱም ጎረቤቱም ዕድሩም አብሮ ተበትኗል።

ቢታወቅስ ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ትሕትና ይመስላል፤ በተግባር ግን ታማሚዋን ብቻ አይቶ አጠገቧ ያለችውን ያልፋል። በዎርዱ ውስጥ ከእያንዳንዷ ታማሚ ጎን አስታማሚ አለች፤ ብዙውን ጊዜ እኅት ወይም ልጅ ናት። ታማሚዋ ተሸካሚ ከሆነች አስታማሚዋ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ነች፣ ካርድ ግን የላትም። እሷ ጡቷን በሐኪም እጅ እንድታስመረምር ለማድረግ ኤምአርአይ አያስፈልግም። ልጅ ወልዳ ከጨረሰች በኋላ፣ በቢአርሲኤ 1 ከ35 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ፣ የእንቁላል እጢና ቱቦ ማስወጣት የኦቫሪ ካንሰርን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቀዶ ሕክምናው ማንኛውም የማሕፀን ሐኪም የሚያውቀው ነው። ያውም ሳትመረመር አይደረግም፤ ምርመራው የሚጀመረውም ከታመመችው እኅት ነው።

ምርመራው ውድ ስለሆነ ለሁሉም እንደማይደርስ ግልጽ ነው። በአሽኬናዚዎች ዘንድ የታወቁትን ሦስት ለውጦች ብቻ የሚፈልግ ርካሽ ምርመራ ለእኛ አይሠራም፤ ዘረመሉ ሙሉውን መነበብ አለበት። ሲነበብ ደግሞ ትርጉማቸው ያልታወቀ ለውጦች በአፍሪካውያን ላይ በብዛት ይወጣሉ፤ የዓለም የማመሳከሪያ መዝገቦች የተሞሉት በአውሮፓውያን ናሙና ነውና። እነዚህን ለመፍታት ለውጡ በቤተሰቡ ውስጥ ከበሽታው ጋር አብሮ መውረድ አለመውረዱን ማየት ግድ ነው፤ ያም ሐረግ ይጠይቃል። ስለዚህ ቅድሚያ ለወጣት ታማሚ፣ ለትሪፕል ኔጋቲቭ፣ ለኦቫሪ ካንሰር፣ የጡት ካንሰር ለያዘው ወንድ ሁሉ ይሁን፤ ከዚያ ቀጥሎ ሐረጓ በሁለቱም ወገን ተቆጥሮ የተደጋገመባት። የተቆጠረው ሐረግ ስሱ መረጃ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በሚያዘው ጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ስም ሳይሆን የዝምድና ምልክት ቢጻፍ ይበቃል።

ይህን ለመሥራት የዘረመል ባለሙያ እስኪሠለጥን አይጠበቅም። አንዲት ነርስ፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ክፍለ ሀገር ላለችው ታላቅ አክስት የሚደወል ስልክና ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈልገው። ግማሽ ሰዓት ከየት ይመጣል ለሚሉኝ ባልደረቦች፣ ታማሚዋ ለጨረር ተራ የምትጠብቀው በወራት እንደሚቆጠር ባስታውሳቸው አይቀየሙኝም።